«ሥራ የለኝም» አንበል

(በሰፈራችን የመረዳጃና የልማት ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በዕለቱ በዝናብም ሆነ በልዩ ልዩ ምክንያት ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



ከሁሉ በፊት ይህን ሁሉ ጭቃ ረግጣችሁ በመምጣታችሁ ምስጋናችንን እናቀርባለን። የመቱና የጎሬ ዝናብ እንግዳ ሲያየው ይደነቃል፤ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት አገር ነው ያለነው። እኛ ግን ለምደነው ዝናብ ነው ብለን እንኳ አንቈጥረውም። ዛሬ የምንናገረውም ስለዚሁ ነው፤ ስለ ለመድነውና ስለማንቈጥረው ነገር።

ስለ መዋጮ እንደማንናገር አስቀድመን እናስታውቃለን። እሱን ገንዘብ ያዣችን በኋላ ይናገራሉ፤ ያልከፈላችሁም ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ክረምት የአባላት መዝገባችንን አድሰናል። አሮጌው መዝገብ እርጥበት ገብቶት ቀለሙ ፈስሶ፣ የአንዱ ስም ከሌላው ስም ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ስለዚህ አዲስ መዝገብ ገዝተን፣ በላስቲክ ጠቅልለን፣ ቤት ለቤት ዞርን። መዝገቡ ላይ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ስልክ፣ እንዲሁም «ሥራ» የሚል ዓምድ አለ። ይህ «ሥራ» የሚለው ዓምድ ነው ነገሩን ሁሉ ያመጣው።

አንድ ቤት ገባን። ስማቸውን አንጠራም፤ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ይስቁብናል። በረንዳቸው ላይ ሰፌድ ታቅፈው ቡና ይለቅማሉ። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ የነቀዘውን እያወጡ ይጥላሉ። አጠገባቸው ሁለት የልጅ ልጆች ይጫወታሉ፤ አንዷ ጀርባቸው ላይ ተኝታለች። ከውስጥ ቤት የዳቦ ሽታ ይመጣል፤ ለገበያ ነው። «አዴ፣ ሥራ ምን ብለን እንጻፍ?» አልናቸው።

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ምን ሥራ አለኝ? ቤት ነው የምውለው። የለም ብለህ ጻፍ።»

«የለም» ብለን ጻፍን።

ሌላ ቤት ሄድን። ኦቦ እገሌ እንበላቸው። ዶማ ይዘው ከቤታቸው በላይ ያለውን ቦይ ይጠርጋሉ። ይህ ቦይ የሳቸው ብቻ አይደለም፤ ከሳቸው በታች ያሉት ቤቶች ሁሉ ጎርፍ የማይገባባቸው ኦቦ በየጠዋቱ ስለሚጠርጉት ነው። «ሥራዎ?» ስንላቸው ወገባቸውን አቅንተው «ሥራማ ድሮ ነበረ። አሁንማ ተቀምጬ ነው» አሉን። ዶማውን ይዘው ቆመው ነው እንዲህ የሚሉት!

በሦስተኛው ቤት አንድ ወጣት አገኘን። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልሆነለትም። እናቱ ከታመሙ ወዲህ ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ታናናሾቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ ሆስፒታል የሚያመላልሳቸውም እሱ ነው። አንገቱን ደፍቶ «ምንም» አለን። «ምንም» ብለን ጻፍን።

በዚያ ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልክ ብርሃን መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበብነው። የለም። የለም። ቤት። ምንም። የለም። ድሮ ነበረ። እንዴ! በዚህ መዝገብ መሠረት እኮ ሰፈራችን ባብዛኛው ሥራ ፈት ነው! ታዲያ ይህን ሰፈር ማን አበላው? ማን አጠበው? ቦዩን ማን ጠረገው? በሽተኛውን ማን አስታመመው? ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ እንጀራና ወጥ ይዞ የሚመላለሰው ማን ነው? መዝገቡ መልስ የለውም። ጥፋቱ ግን የመዝገቡ አይደለም፤ የጻፍነው እኛ ነን፣ ያስጻፋችሁን ደግሞ እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ሌላውን ብቻ ወቅሶ መቀመጥ ደግ አይደለም።

የዚህ ማኅበር ጸሐፊ ከሆንን ወዲህ የብዙ ሰው የሕይወት ታሪክ ጽፈን በቀብር ላይ አንብበናል። እናንተም ሰምታችኋል። አጻጻፉን ለምደነዋል። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለጋብቻ ሲደርስ በሕግ ተጋቡ፤ የይህን ያህል ልጆች እናት ሆኑ፤ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ይላል። በጋብቻውና በሕመሙ መካከል አርባና ሃምሳ ዓመት አለ። ያንን ሁሉ ዓመት «የቤት እመቤት ነበሩ» ብለን በአንድ መስመር እንዘጋዋለን።

የራሳችን እናት ያረፉ ጊዜም የጻፍነው ይህንኑ ነው። እንባ እያነቀን፣ ሰው እየጠበቀን፣ በለመደ እጃችን ጻፍነው። አነበብነው፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንዲት የእናታችን ጎረቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጠጋ ብለው እንዲህ አሉን፦ «አንተ ልጅ፣ ያነበብከው መልካም ነው። ግን የእሷ አይደለም። የማንም ነው።» ምን ማለታቸው እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባንም፤ እንዲያውም ተቀየምን።

ከአርባው በኋላ የእናታችንን ሳጥን ከፈትን። ከነጠላው ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ ወረቀት አገኘን። ዳሩ ቢጫ ሆኗል፣ በእጥፋቱ በኩል ሊቀደድ ደርሷል። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ነው። ማንበብና መጻፍ መቻላቸውን የሚመሰክር። እናታችን ፊደል ማወቃቸውን እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን እንዴት እንዳወቁት፣ ወረቀቱንም ይህን ሁሉ ዓመት እንዳስቀመጡት አናውቅም ነበር። አልጠየቅናቸውማ! የሕይወት ታሪካቸው ላይም አልተጻፈም።

ወጣቶች ይህን ላታውቁት ትችላላችሁና ጥቂት እናስረዳ። ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም በአገራችን ከመቶ 93ቱ ሰው ማንበብና መጻፍ አይችልም ተብሎ ይገመት ነበር። ተማሪውና መምህሩ ዘመተ፤ ትምህርቱ መጀመሪያ በ5 ቋንቋዎች፣ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ኦሮምኛውም በዚያን ዘመን የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። የዚያን ዘመን ችግር እናውቃለን፤ በውድ የገባ አለ፣ በግድ የገባም አለ። ሁሉም አልፏል። ፊደሉ ግን ቀረ።

እኒያው አሮጊት ጎረቤት ነገሩን በኋላ አጫወቱን። እናታችን ቀን ሲደክሙ ውለው፣ ማታ እኛን አዝለው ይሄዱ ነበር። እኛ ጀርባቸው ላይ ስናለቅስ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆመው፣ እየወዘወዙን ነበር ከሰሌዳው የሚያነቡት። ቡና ለመልቀምና ዘነዘና ለመያዝ የለመደ እጅ ለጠመኔ አልመች ብሎ ጠመኔው በየጊዜው ይሰበርባቸው ነበር አሉ። ሰው ይስቅባቸዋል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፣ እንደገና ይይዛሉ። «ሀ»ን አጣሞ መጻፍ፣ ማጥፋት፣ እንደገና መጻፍ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ሲለጠፍ እየመጣ «ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቀው እናታችንን ነበር። የስኳር ቀን መቼ እንደሆነ፣ የክትባት ቀን መቼ እንደሆነ ያነቡላቸዋል። ይሄ ሁሉ «የቤት እመቤት ነበሩ» በሚለው ውስጥ የለም።

ልብ በሉ፤ ያ ወረቀት ደመወዝ አላስገኘላቸውም። ሹመትም አላመጣላቸውም። እሳቸው ግን ጠቅልለው አስቀመጡት። ለምን? ማንም ባይጠይቃቸውም «ይህን እኔ ሠርቼዋለሁ» የሚሉበት አንድ ነገር ስለነበር ነው። እኛ ልጆቻቸው ያላወቅንላቸውን እሳቸው ለራሳቸው አውቀውት ነበር። ይህን ስናስብ ደስም ይለናል፣ ይቈጨናልም።

ከዚሁ ጋር ሌላም እንጨምር። ምስክር ወረቀት ያገኘ ሁሉ ንባቡን አልያዘውም። ብዙ ሰው የሚያነበው ነገር አጥቶ፣ እኔ እኮ አሮጌ ነኝ፣ ፊደል ለኔ ምን ያደርግልኛል ብሎ ተወው፤ በኋላም ፊደሉ ጠፋበት። እናታችን ግን በየቀኑ አንዲት መስመርም ትሁን ያነቡ ነበር። ወረቀቱ ከመንግሥት የመጣ ነው፤ ንባቡን በየቀኑ ያቆየው ግን የራሳቸው ጥረት ነው። የውጭ ሰው አንድ ጊዜ ያጨበጭብልን ይሆናል፤ በማግስቱ ጠዋት የምንነሣው ግን ብቻችንን ነው።

ታዲያ እኛ ትልልቆቹ ሰዎች የራሳችንን ልፋት ለምንድን ነው የማናየው? ሕፃን ልጅ ጫማውን ራሱ ሲያስር «ጎበዝ!» እንለዋለን። ያው ልጅ አድጎ ቤተሰብ ሲያስተዳድር ማንም ጎበዝ አይለው፤ እሱም ለራሱ አይለው። በኛ አስተያየት ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛው፣ ራስን ማመስገን ጉራ ይመስለናል። ያደግንበት ነው፤ ደግ ነገርም አለበት። ጉረኛን ማን ይወዳል? ነገር ግን ጉራ ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ወይም በሠሩት ሌላውን ማሳነስ ነው። የሠሩትን ሠራሁ ማለት ግን ቈጠራ ነው። አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዳዶን አስታውሱ። ዛሬም በገጠሩ አለ። አንተ አንድ ቀን እኔ ማሳ ላይ ከዋልክ፣ እኔ አንድ ቀን አንተ ማሳ ላይ እውላለሁ። ያልተማረው ገበሬ ወረቀት ሳይኖረው የማንን ቀን ማን እንደዋለለት አይረሳም። «እኔ አንድ ቀን ውዬልሃለሁ» ማለት ጉራ አልነበረም፤ ሥርዓት ነበር። ደካማውም ብርቱውም ቀኑ እኩል ቀን ሆኖ ይቈጠርለታል። እኛ ታዲያ ለጎረቤት የዋልነውን ቀን እየቈጠርን፣ ለቤታችን የዋልነውን ዘመን ለምን እንተወዋለን?

ሁለተኛው፣ ሥራ የምንለው ደመወዝ ያለውን ብቻ ነው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ሰው ጊዜውን በምን በምን እንደሚያሳልፍ በአገር አቀፍ ደረጃ አጥንቶ ነበር። ሴቶች ክፍያ በሌለው የቤት ሥራ ላይ የሚያጠፉት ሰዓት ከወንዶቹ እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ውሃ መቅዳቱ፣ ማብሰሉ፣ ልጅ መያዙ በሰዓት ተቈጥሮ ተጻፈ ማለት ነው። ሕጉም ቢሆን ያውቀዋል። በፌዴራሉ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ሆነ በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ በጥረት የተገኘ ሀብት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ባል ቢሮ ዋለ፣ ሚስት ጓዳ ዋለች፣ ቤቱ የሁለቱም ነው። መንግሥት የቈጠረውን፣ ሕግ ያወቀውን፣ እኛ «የለም» ብለን ማስጻፋችን ምን ይባላል?

ሦስተኛው፣ የቤትና የሰፈር ሥራ አያልቅም፤ ስለማያልቅም የተሠራ አይመስልም። የታጠበው ዕቃ ማታ ይቆሽሻል፣ የተጠረገው ቦይ ነገ ይደፈናል። ግን እስቲ ቡናችንን እንየው። ኑሯችን ነውና ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀዩ ቡና አንድ በአንድ በጣት ይለቀማል። አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ይገላበጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይሸፈናል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይገለጣል፣ ይህም ለሳምንታት። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ የሚጠጋ ቀይ ቡና ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ለቀማና ማገላበጥ ሲኒው ውስጥ አይታይም። አንድ ለቃሚ «አንዲት ፍሬ ምን ዋጋ አላት?» ብሎ ቢተው የኢሉባቦር ቡና የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት እኮ ይህን አይተው ነው።

ልፋት ሳይቈጠር ሲቀር ምን እንደሚሆን ከዚሁ ከአገራችን ታሪክ አንድ ምሳሌ እናንሣ። ከእኛ ወደ ያዮ ሲሄዱ ሁሩሙ አለ። አናሲሞስ ነሲብ የተወለዱት በዚያ አካባቢ ነው። በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው፣ ምፅዋ ነፃ ወጥተው፣ ተምረው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል፣ ይገባቸዋልም። ነገር ግን አብራቸው የሠራች አንዲት ሴት ነበረች፤ አስቴር ጋኖ ትባላለች። እሷም በልጅነቷ ለባርነት ተዳርጋ ነፃ የወጣች ናት። የኦሮምኛ ቃላትን በሺህ እየቈጠረች ሰብስባ ለትርጉሙ አዘጋጀች። ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ዘፈኑን ከምታስታውሰው አውጥታ ጻፈች፤ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ ውስጥም ሥራዋ አለበት። የእሷ ስም ግን ለረዥም ዘመን ብዙም ሳይነሣ ቀረ። ሃይማኖታችሁ ምንም ይሁን ምን፣ ነገሩን እንደ ልፋት ብቻ እዩት። ቃል በቃል የለቀመችው ሴት ተረሳች። ፍሬ በፍሬ የምትለቅሙት እናንተስ?

አሁን አንዳንዱ ሰው በልቡ የሚለውን እናውቃለን። «ምስጋና ሆድ አይሞላ! እኛ የተቸገርነው በጤፍ ዋጋ ነው፣ ጸሐፊው ራሳችሁን አመስግኑ ይለናል።» እውነት ነው። ይህ ንግግር የዘይት ዋጋ አይቀንስም። እንዲያውም ጥንቃቄ ያሻዋል። የራስን ልፋት ማወቅ ማለት በድህነት ረክቶ መቀመጥ አይደለም። የሠራተኛ ዋጋ የሚያስቀር አሠሪ «አመሰግናለሁ» ብሎ ቢያሰናብት ምስጋናው ዕዳ አይከፍልም። ባልም ሚስቱን «ጎበዝ ነሽ» ብሎ እግሩን ዘርግቶ ቢቀመጥ ይህ ማመስገን ሳይሆን ማታለል ነው፤ ተነሥቶ እንሥራውን ያንሣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሸክሙን ለመካፈል መጀመሪያ ሸክም መሆኑ መታወቅ አለበት። «ሥራ የለኝም» የሚል ሰው እንዴት «አግዙኝ» ይላል? ባለቤቱ ያላወቀውን ሸክም ማን ያግዘዋል?

ሌላም አለ። ልፋቱን የማያውቅ ሰው ቶሎ ይሰበራል። አንድ አባላችን መዋጮ ሦስት ወር ሲያልፋቸው አፍረው ለቅሶ ቤት መምጣት ተዉ። ሄደን ጠየቅናቸው። «እኔ ለዚህ ሰፈር ምን ፈየድኩ? ባዶ እጄን መጥቼ ምን አደርጋለሁ?» አሉን። እኒህ ሰው በየለቅሶው ድንኳን የሚተክሉ፣ ሌሊት የሚያድሩ፣ ወንበር ቈጥረው የሚመልሱ ነበሩ። ዝርዝሩን አንድ በአንድ ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና «ያ ሁሉ ይቈጠራል እንዴ?» አሉ። ይቈጠራል፣ ኦቦ፤ ዱሮም መቈጠር ነበረበት። መዋጮው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ እሳቸውም ለሚቀጥለው ለቅሶ መጡ። ብንዘገይ ኖሮ ግን አንድ አባል በከንቱ አጥተን ነበር። መናገር ያስፈለገንም ስለዚህ ነው፤ የቅንጦት ጨዋታ አይደለም።

ስለ ራሳችንም አንድ ነገር እንናዘዝ። እኛ ከ6ኛ ክፍል አላለፍንም። በዚህ ማኅበር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች አሉ። ቃለ ጉባኤ ስናነብ የፊደል ስሕተት ይያዝብን ይሆን እያልን ብዙ ጊዜ እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። «ይህም ጽሑፍ ነው?» ብለን የቀደድነው ወረቀት ብዙ ነው። ያንን ምስክር ወረቀት ካየን በኋላ ግን አንድ ልማድ ጀመርን። ማታ መዝገቡን ስንዘጋ በተራ ደብተር ላይ የዕለቱን ሥራ በሦስት መስመር እንጽፋለን። «የእገሌን የመሬት ማመልከቻ ጻፍን። ድንኳኑን ሰፋን። ከልጃችን ጋር ሒሳብ ሠራን፣ ግማሹ አልገባንም።» ይኸው ነው። ያልሆነውም ይጻፋል፤ «ዛሬ ተቈጥተን አንድ ሰው አስቀየምን» የሚልም አለበት። እውነተኛ ቈጠራ ጉድለቱንም ይይዛል። በስድስተኛው ወር ደብተሩን መለስ ብለን ስናየው፣ ምንም አልሠራንም ባልነው ወራት ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ አይተን ገረመን። እጃችንም አሁን ያን ያህል አይንቀጠቀጥም።

በመሆኑም የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለአባላት የሚከተለውን ያሳስባል።

1ኛ/ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በዕለቱ የሠራችሁትን ሦስት ነገር ለራሳችሁ ቈጥሩ። መጻፍ የምትችሉ ጻፉ፤ የማትችሉ በጣታችሁ ቈጥሩ። ትልቅ ነገር አትፈልጉ። በሽተኛ ጠየቅሁ፣ አጥር ጠገንሁ፣ ንዴቴን ዋጥሁ፣ ይበቃል።

2ኛ/ ቡና ስትጠጡ አቦሉ የወሬ፣ ቶናው የጉዳይ ይሁን። በረካው ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ ከደከመበት ነገር አንዱን ይናገር፤ ሌላውም ሳያፌዝ ይስማው። ቡና አፍይዋንም አትርሷት፤ ቡናው ራሱ ሥራዋ ነው።

3ኛ/ ቤት ውስጥ ያሉ አረጋውያንን በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። «በምን አሳደግሽን? በምን አሳደግኸን?» በሉ። የሰማችሁትን ጻፉና ለጽሕፈት ቤታችን ስጡ። ከእንግዲህ የሕይወት ታሪክ ለሙት ብቻ አንጽፍም፤ ባለቤቱ በጆሮው እየሰማ፣ ስሕተቱንም እያረመ እንጽፈዋለን።

4ኛ/ በመዝገቡ ላይ «ሥራ» በሚለው ዓምድ «የለም»፣ «ምንም»፣ «ቤት» ብላችሁ ያስጻፋችሁ ሁሉ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየመጣችሁ አስተካክሉ። ክፍያ የለውም።

ይህን አራተኛውን በተመለከተ አንድ ነገር ነግረናችሁ እንቋጭ። ከዚህ ስብሰባ በፊት ለጥቂት ሰዎች ነገሩን አጫውተናቸው ነበር። ያ ወጣት ቀድሞ መጣ። እያፈረ «እናት አስታማሚ ተብሎ ይጻፋል?» አለ። ጻፍንለት። ኦቦ «ቦይ ጠባቂ በለኝ» ብለው እየሳቁ አስጻፉ።

አዴም ባለፈው እሑድ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። መዝገቡን ከፈትን። «የለም» የሚለውን በጣታችን አሳየናቸው። ትንሽ አሰቡና እንዲህ አሉን፦

«ቡና ለቃሚ ብለህ ጻፍ። ዳቦ ጋጋሪ። የልጅ ልጅ አሳዳጊ። ለቅሶ ቤት ወጥ ሠሪ።» ዝም አሉ፤ ቀጥለውም «ቦታ አለው እንዴ?» አሉ።

ዓምዱ ጠባብ ነው። ቦታ አልበቃም። እኛም ወደ ኅዳጉ አወጣነው፣ ከኅዳጉም ወደ ሚቀጥለው መስመር አሻገርነው። አዲሱ መዝገብ ተበላሸ የሚል አባል ካለ ይምጣ፤ እናሳየዋለን። እንዲህ የተበላሸ መዝገብ እንዲበዛልን እንመኛለን።

ስትመለሱ በላይኛው ድልድይ በኩል ያለው መንገድ አንሸራታች ነውና አረጋውያንን እየደገፋችሁ ሂዱ። ማታም ያንን ቈጥሩት።

የማኅበሩ ጸሐፊ
መቱ